በሽሎን ለማየት ጥቅምትን ጠብቁ

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ለፋሲካ ሦስት ቀን አለኝ። ጓደኞቼን ይዤ ልምጣና በሽሎ ወንዝ እንውረድ፣ መቅደላንም እንይ» አለኝ። ደስ አለኝ። ስንት ዓመት ስለምነው የኖርኩትን ነገር ዛሬ ራሱ አነሳው። ግን «አይሆንም» አልኩት። ዝም አለ። ቅር እንዳለው ገባኝ። «በጥቅምት ና» ስለው «ጥቅምት ላይ ምን በዓል አለ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ለእረፍት የሚሆን በዓል የለም። ችግሩም ይኸው ነው። አገራችንን ለማየት የምንወጣው መሥሪያ ቤት ሲዘጋ ነው እንጂ አገሩ ለመታየት ሲመች አይደለም።

በስልክ በደንብ አላስረዳሁትም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። በየዓመቱ እንደሱ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸውና ለሁሉም ይሁን።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። እዚያው ወሎ ውስጥ፣ ደላንታ ወረዳ ላይ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከወረዳው ከተማ ከወገል ጤና ወጣ ብዬ ገደሉ ጫፍ ላይ መቀመጥ ልማዴ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ በሽሎን በየወሩ አይቼዋለሁ፤ በጉም ተሸፍኖ፣ ደፍርሶ ሲያገሳ፣ ቀጥኖ በድንጋይ መሃል ሲሹለከለክ፣ አሸዋው በእግር አላስረግጥ እስኪል ሲግል። ከየትኛውም ቦታ በላይ የምወደው እሱን ነው።

ላላያችሁት እንዲህ ነው። ደላንታ ሜዳ ነው። የገብስና የስንዴ ማሳ እያያችሁ ስትሄዱ፣ ስትሄዱ፣ ሜዳው ድንገት ያልቃል። ከእግራችሁ ሥር ገደል ነው፤ ከገደሉ በታች ትንሽ መደብ የመሰለ መሬት ከነጎጆዎቹ፣ ከሱ በታች ደግሞ ሌላ ገደል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ወንዙ ድረስ። ከማዶ መቅደላ አምባ ለብቻው ቆሞ ይታያል። ይህ ሁሉ ንብብር ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ እየገነፈለ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ወንዙ ነው እንዲህ አድርጎ የሰነጠቀው።

አሁን ወደ አየሩ። ብዙ ሰው «ወሎ ብርድ ነው ወይስ ሙቀት?» ይለኛል። ጥያቄው መልስ የለውም፤ መጀመሪያ የት ከፍታ ላይ እንደምትቆሙ ንገሩኝ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ጃኬት ለብሳችሁ ተነስታችሁ የሐረጎን ቁልቁለት ስትጨርሱ ኮምቦልቻ ላይ ጃኬቱ ይከብዳችኋል፤ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም እኮ። በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ከቀጠላችሁ ደግሞ አፋር ገባችሁ፤ ሌላ ዓለም ነው። የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይለዋወጣል። ከደላንታ ጫፍ እስከ በሽሎ ድረስ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን፣ በእግራችሁ፣ ከብርድ አገር ወደ ሐሩር አገር ትወርዳላችሁ። ማታ ደግሞ ትመለሳላችሁ። ላዩ ላይ የተመቸ ወር ታቹ ላይ ይገድላል፤ ለታቹ የተመቸው ደግሞ ላዩ ላይ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሁለቱም አንድ ላይ የሚመቹበት ጊዜ አጭር ነው።

ከክረምት ልጀምር። ሐምሌና ነሐሴ አትምጡ። ስለ ጭቃው ብቻ አይደለም፤ ጭቃውማ ዋልካ ነው፣ ጫማችሁን ይዞ ይቀራል። ዋናው ነገር ምንም አለማየታችሁ ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ ሐምሌ ላይ አንድ ጓደኛዬ ከሩቅ መጥቶ ሁለት ቀን ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመን ነጭ ጉም ብቻ አይተን ተመለስን። ከታች የወንዙ ድምፅ ይሰማል። ዓይናችን ግን አሥር እርምጃ አያልፍም። ወንዙ በዚህ ጊዜ ቡና መስሎ ነው የሚወርደው። የወሎን አፈር ተሸክሞ ወደ ዓባይ ይሄዳል፣ ከዚያም ወደ ህዳሴ ግድብ። በእግር መሻገር የሚባል ነገር አይታሰብም። ከወዲህና ከወዲያ ያለው ሰው ክረምቱ እስኪያልፍ ይቆራረጣል።

ግን ከጉሙም ከጭቃውም በላይ የምፈራው ደራሽ ውሃን ነው። ስለሱ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ የከተማ ልጆች አያውቁትምና።

ሰኔ መጨረሻ አካባቢ ነበር። ገና ክረምቱ አልጠናም ብለን ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወደ ታች ወረድን። ወደ በሽሎ ከሚገቡት ትናንሽ ወንዞች አንዱ ጋ ደረስን። አልጋው ሰፊ ነው፣ ውሃው ግን ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ፀሐይ ነው። እኛ ያለንበት ሰማይ ላይ አንድ ደመና የለም። ቦርሳችንን ወንዙ መሃል ካለ ትልቅ ድንጋይ ላይ አስቀምጠን፣ ጫማችንን አውልቀን እግራችንን እየታጠብን ነበር። ከማዶ አህዮቻቸውን የሚነዱ አንድ ሽማግሌ አዩን። «ልጆቼ፣ ውጡ ከዚያ!» አሉ። ሰላምታ የሰጡን መስሎን እጃችንን አነሳን። «ውጡ ብያችኋለሁ! ላይ ጥሏል!» አሉ፤ አሁን ተቆጥተዋል። ዘወር ብለን ወደ ላይ ብናይ ደጋው ላይ፣ በጣም ሩቅ፣ ትንሽ ጠቆር ያለ ነገር አለ። ያ ነው እንግዲህ። ከቁጣቸው የተነሳ ብቻ ቦርሳውን አንስተን፣ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ዳገቱን ወጣን።

አንድ ሲኒ ቡና በማይጠጣበት ጊዜ ውስጥ መጣ። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ንፋስ ነው የመጣው። ከዚያ የእርጥብ አፈር ሽታ። ከዚያ ድምፅ፤ ጠጠር የጫነ መኪና የሚገለብጥ ይመስላል። ከፊት የሚመጣው ውሃ እንኳ አይመስልም። ቅጠል፣ እንጨት፣ የከብት አዛባ፣ አረፋ፣ እሱ ሁሉ ተጠቅልሎ እንደ ግድግዳ ነው የሚገፋው። ውሃው ከኋላው ነው። ከውሃው ውስጥ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል፣ ግው፣ ግው፣ ግው። ቦርሳችን የነበረበት ድንጋይ ተዋጠ። ማናችንም አልተናገርንም። ሽማግሌው ዞረው መጥተው አጠገባችን ቆሙና «አብሽሩ፣ አላህ አትርፏችኋል» አሉን። ትከሻቸውን ሳምናቸው። ገንዘብ ብንሰጣቸው «ኧረ ወዲያ!» ብለው ቤታቸው ወስደው ቡና አጠጡን፣ ዱዓም አደረጉልን። «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። የገባኝ የዚያን ቀን ነው።

ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ፣ በበልግም ጭምር፣ የወንዝ አልጋ ላይ አትቀመጡ፣ አትተኙ፣ ድንኳን አትትከሉ። የራሳችሁን ሰማይ አይታችሁ አትፍረዱ። ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ ቆላ የሚደርሰው እናንተ ፀሐይ እየሞቃችሁ ሳለ ነው። የአገሬው ሰው «ውጡ» ካላችሁ ለምን ብላችሁ አትጠይቁ። ውጡ።

መስከረም ያምራል፣ መካድ አይቻልም። ተራራው ሁሉ በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። ግሸን ማርያም መስከረም 21 ስለሆነች ለእሷ የሚመጣ ምእመን በዚሁ ጊዜ ወሎን ያያል። ለግሸን ከሆነ ኑ። ለበሽሎ ግን መንገዱ ገና አልደረቀም፣ ወንዙም ገና አልጎደለም።

ጥቅምት ነው የኔ ወር። ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር አጋማሽ። ዝናቡ አየሩን አጥቦት ሄዷል፣ አቧራው ገና አልተነሳም። ከደላንታ ጫፍ ሆናችሁ መቅደላ ላይ ያለውን ዛፍ የምትቆጥሩ ይመስላችኋል። አረንጓዴው ገና አልጠፋም፤ ከላይ ገብሱና ስንዴው ወርቅ እየመሰለ ነው፣ ከታች ማሽላው ቆሟል። ቆላ ስትወርዱ ልጆች ጥንቅሽ ይሰጧችኋል። በጥርስ ልጣችሁ ትመጡታላችሁ፣ ውሃ ጥሙን ይቆርጣል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ጠዋት ገደሉ ጫፍ ላይ ወጥተው ሣር እየነቀሉ ሲበሉ ታገኟቸዋላችሁ። ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ አይሸሹም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስትነሱ ሣሩ ላይ ውርጭ አለ፤ ስትረግጡት ይንኮሻኮሻል። ጋቢ ተከናንባችሁ ቁልቁለቱን ትጀምራላችሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ጋቢውን ታወልቃላችሁ። አራት ሰዓት ላይ ሹራቡን። ወንዙ ጋ ስትደርሱ በቲሸርት ናችሁ፣ ውሃው ደግሞ ጠርቷል፣ ቀዝቅዟል። የቆላው ሙቀት አለ ግን ያስችላል። ይህን በአንድ ቀን የሚሰጥ ሌላ ወር የለም።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የወባ ጊዜ ነው። ክረምቱ ትቶት የሄደው ውሃ በየጉድጓዱ ተኝቷል፣ ትንኝዋ እሱ ላይ ነው የምትራባው። ከ2,000 ሜትር በታች ስታድሩ ወባ አለ ብላችሁ አስቡ። እኔ ሁልጊዜ የምመክረው ወርዶ አይቶ ደጋ ላይ መጥቶ ማደርን ነው። ቆላ ማደር ግድ ከሆነ አጎበር ይዛችሁ ውረዱ፣ ሐኪምም ቀድማችሁ አማክሩ። ተመልሳችሁ ትኩሳት ከያዛችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ፤ ሂዱና ተመርመሩ።

ታኅሣሥና ጥር ጥሩ ናቸው፣ ብርዱን ለሚችል። ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ የቀኑን ሙቀት ሌሊቱ ይዞት ይሄዳል። ደላንታ ላይ ውጭ ያደረ የባልዲ ውሃ ጠዋት ላዩ በረዶ ሠርቶ አግኝቼዋለሁ። ገና ለላሊበላ የሚመጣ ሰው ብዙ ስለሆነ አልጋ ቀድሞ ያልቃል፣ ዋጋውም ይወጣል። ከላሊበላ በዓል በኋላ በጋሸና በኩል ወደ ደላንታ ብቅ የሚል ሰው ካለ ግን ደግ አደረገ እላለሁ፤ ወንዙ ጎድሏል፣ መሻገር ይቻላል፣ ቁልቁለቱም ደረቅ ነው።

በዚህ በበጋው ጊዜ ነው ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ቆፋሪዎቹንም የምታገኟቸው። ደላንታ ገደል ውስጥ ኦፓል የተገኘው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከገደሉ ወገብ ላይ አንድ ቀጭን ንብብር አለ፤ እሱን ተከትለው ነው የሚቆፍሩት። ዝናብ ሲገባ ገደሉ ስለሚናድ ሥራው ከባድ አደጋ አለው። አንድ ተማሪዬ የነበረ ልጅ አንድ ቀን እፍኝ የማይሞላ ድንጋይ አሳየኝ። ውስጡ ቀይም አረንጓዴም ሰማያዊም እሳት አለ፣ ሲያዞሩት ይሮጣል። ከዚያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨመረውና «ቲቸር፣ ይዩት» አለኝ። ቀስ በቀስ ቀለሙ ጠፋ። መስታወት መሰለ። ደነገጥኩ፣ አበላሸው ብዬ። እሱ ሳቀና መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ሲደርቅ ቀለሙ ተመለሰ። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ከዚያ ቀን በኋላ ከክረምት በኋላ የሚወጣውን ሰማይ ባየሁ ቁጥር ያ ድንጋይ ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ፋሲካው ልምጣ፣ ልጁን ያስቀየምኩበት ጉዳይ ነውና። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ወሎ በልግ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣው እርጥበት ነው ይህን ዝናብ የሚያመጣው። የሌላ አገር ሰው ስለ በልግ ብዙም ላይጨነቅ ይችላል። ደላንታ ላይ ግን ብዙው ገበሬ የዓመት እህሉን የሚጠብቀው ከበልግ ገብስ ነው። በልግ ደግሞ ቃል አይጠብቅም። ሁለት ሳምንት ይጠፋል፣ ከዚያ በአንድ ከሰዓት ነጎድጓድና በረዶ ይዞ ይመጣል። ካልዘነበ ደግሞ ቆላው ንዳድ ነው። መጋቢት ላይ አንዴ ወርጄ ሰባት ሰዓት ላይ ግራር ጥላ ሥር ተኝቼ መነሳት አቅቶኝ ነበር። ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይዤ ነበር፤ ወንዙ ሳልደርስ አለቀ። ዳገቱን የወጣሁት መሽቶ ነው። አየሩም በአቧራና በጭስ ስለሚደበዝዝ መቅደላ ከማዶ ጥላ ነው የምትመስለው።

ታሪኩም ይኸንኑ ይነግረናል። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ይዘው ከደብረ ታቦር የተነሱት ክረምቱ እንዳለቀ፣ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን መድፍ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ በሰው ጉልበት እየጎተቱ የጂዳንና የበሽሎን ገደል አሻግረው መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሱ። በጋውን ሙሉ ማለት ነው። ሌላ ወቅት ቢሆን ያ መድፍ በሽሎ ውስጥ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ፤ እጄን አሳርፌበት አውቃለሁ። የእንግሊዝ ጦር አዛዡ ናፒየርም ከሕንድ ያመጣቸውን 44 ዝሆኖች ሳይቀር ይዞ ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ሲገሰግስ ከፊቱ ክረምቱ ነበረ፤ ዝናቡ ከያዘው መመለሻ የለውም። በስቅለት ዕለት ከመቅደላ ሥር አሮጌ በሚባለው ቦታ ሲዋጉ ነጎድጓድና ዝናብ ነበር። የበልግ ዝናብ ነው ያ። ንጉሡ የሞቱት በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ነው። ስለዚህ በፋሲካ መቅደላን ማየት ትርጉም እንዳለው አውቃለሁ፤ ለዚያ ብሎ የሚመጣ ሰው ካለ አላስቀረውም። በሌሊት ተነስቶ፣ ብዙ ውሃ ይዞ፣ ከሰዓት በኋላ ደመና ካየ ከወንዝ ርቆ ይምጣ።

ስለ በልግ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በልግ ሲቀር ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ሰማያዊ ነው፣ ፎቶ ያምራል። እንግዳው «እንዴት ያለ ቆንጆ አየር ነው!» ይላል። ያንን ሲል ከጎኑ ያለው ገበሬ ግን እንቅልፍ አጥቶ ነው ያደረው። ወሎ የ1966ንና የ1977ን ድርቅ ያየ አገር ነው። በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኖ ሲመጣም ክረምቱ ቆርጦ ስንቱን አስጨንቋል። በዚያ ጊዜ መስጊዱም ዱዓ፣ ቤተ ክርስቲያኑም እግዚኦታ ላይ ነበር። እባካችሁ በበልግ ስትመጡ ሰው ፊት «ዝናብ እንዳይመጣ» አትበሉ። ዝናብ ከያዛችሁ ቤት ግቡ፣ ቡና ጠጡ፣ ከሰዎቹ ጋር ደስ ይበላችሁ።

ግንቦትን በአንድ ቃል፣ ተዉት። ቆላው የሚብሰው ያኔ ነው።

ለሚመጣ ሰው ጥቂት ነገር። ከአየሩ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ ደሴ ወይም ወልዲያ ያለ የምታውቁት ሰው ላይ ደውሉ፣ የሰማችሁትን አትናቁ። ለሚወርድ ሰው በጥቅምትም ቢሆን አራት ሊትር ውሃ ለአንድ ሰው፤ የወንዙን ሳታክሙ አትጠጡ። ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዳገት አትጀምሩ፣ ጥላ ፈልጋችሁ ጠብቁ። ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈጃል፤ ዱላ ይኑራችሁ። በሶ ያዙ። የአካባቢውን ልጅ መንገድ መሪ አድርጋችሁ በደንብ ክፈሉት፤ የትኛው ወንዝ መቼ እንደሚሞላ የሚያውቀው እሱ ነው። ጋቢ ደግሞ አይረሳ። አዲስ አበባ ሆናችሁ «ቆላ ነው የምንወርደው፣ ጋቢ ምን ያደርጋል» ትላላችሁ። ማታ ወገል ጤና ስትመለሱ ታገኙታላችሁ።

ትናንት ማታ መልሶ ደወለልኝ። ለጓደኞቹ ነግሯቸው ሁለቱ እሺ ብለዋል፣ አንዱ ፈቃዱን እስኪጠይቅ ነው። «ጥቅምት አጋማሽ ላይ አንድ ሳምንት እንውሰድ ወይ?» አለኝ። ውሰዱ አልኩት። ያቺን የደራሽ ውሃዋን ወንዝም አሳየዋለሁ፤ ሽማግሌው ካሉ ደግሞ ቤታቸው ገብተን ቡና እንጠጣለን። ስኳር ይዘህልኝ ና ብዬዋለሁ።